ሰማይ አይታረስ ያለው ማን ነው?

(ከሰላ ድንጋይ)

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር አባቶቻችን። የተረቱ ሁለተኛ ክፍል ዛሬም በቦታው አለ፤ ስለ እሱ ብዙ ተጽፏል፣ የጻፉትም ዋጋውን ቀምሰውበታል። ዛሬ እሱን አልነካውም። እኔን የሚያንገበግበኝ የፊተኛው ነው። ሰማይ ይታረሳል ጎበዝ! ታርሷል፣ በልኬት ተሸንሽኗል፣ ወሰን ተበጅቶለታል፣ ባለርስትና ጭሰኛ ተለይቶበታል። ጭሰኞቹ እኛ ነን። ክፋቱ ደግሞ ጭሰኝነታችንን አለማወቃችን ነው።

ነገሩን ከሰፈሬ ልጀምር። ሰላ ድንጋይ ብርዷ አጥንት የሚሰብር ደጋ ናት። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ የተቀመጡባት ከተማ ናት የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ታሪክ እንዳልጎደለን እንድታውቁልኝ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወንድሜ ልጅ በዚህች ከተማ ከጣራ ጣራ እየዘለለ ዲሽ ሲያዞር ከረመ። የሀገራችን ቴሌቪዥን ጣቢያዎች የግብፁን ናይልሳት ትተው «ኢትዮሳት» ወደሚባለው እየተዛወሩ ነበርና፣ የየቤቱ ዲሽ ፊቱን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ማዞር ነበረበት። ልጁ ያኔ ገና ተማሪ ነው፤ ግን እጁ የተባረከ ነው። ከጎረቤታችን ከአንዲት አሮጊት ጣራ ላይ ሆኖ ሲታገል እኔ ከታች መሰላሉን ይዣለሁ። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡና፣

«አንተ ልጅ፣ የድሮው ሰማይ ምን አጎደለባችሁ?» አሉት።

«የድሮው የሰው ነው እማማ። ይሄኛው የኛ ነው፤ ስሙም ኢትዮሳት ነው።»

«እሰይ! እንግዲያ ኪራይ የለበትማ?»

ልጁ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪ ፊት ቆሜ ዴቢትና ክሬዲት ያስተማርኩ ሰው፣ የሒሳብ መዝገብ እንደ ዳዊት የምደግም ሰው፣ መሰላል ይዤ ሳቅሁ። የሴትዮዋ ጥያቄ ያን ዓመት በሀገሪቱ ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሁሉ የበሰለው እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

ኢትዮሳት የእኛ ሳተላይት አይደለም። ኢትዮሳት ስም ነው፤ የገበያ ስም። ዲሻችን የሚያየው ሳተላይት ኤንኤስኤስ 12 ይባላል፤ በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ፣ ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36 ሺሕ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጧል። ባለቤቱ ኤስኢኤስ የተባለ የሉክሰምበርግ ኩባንያ ነው። ሉክሰምበርግ ማን ናት? አውሮፓ ውስጥ በጀርመን፣ በፈረንሳይና በቤልጅየም መካከል የተሸጎጠች፣ ወደ 670 ሺሕ ሰው ያላት ሀገር ናት። የእኛ ሰሜን ሸዋ ዞን በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ከ1 ሚሊዮን 800 ሺሕ በላይ ሕዝብ ነበረው። እንግዲህ የአንድ ዞናችንን ግማሽ የማታክል ሀገር፣ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ ሰማይ ታከራያለች። ኪራይማ አለው እማማ! ከውጭ ኩባንያ ጋር የሚደረግ ኪራይ ደግሞ በብር አይከፈልም። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ይወሰን ተብሎ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲዘል፣ በዶላር የተዋዋለ ሁሉ ሒሳቡ በብር እጥፍ ሆነበት። እንዲህ ያለውን ቀን አስቀድሞ አይቶ ውል ውስጥ መላ የሚያበጅ ሰው የት ነው የሚሠለጥነው? ይህን ጥያቄ ያዙልኝ፤ የጽሑፌ ጉዳይ እሱ ነው።

ከዚህ የባሰ አለ። ይህች 57 ዲግሪ የምትባል የሰማይ ቁራሽ ከየት እንደመጣች ስፈትሽ ደሜ ፈላ።

ኢንቴልሳት የሚባል የመንግሥታት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1964 ተቋቋመ። ማኅበር ስላችሁ እንደ ኅብረት ሥራ አስቡት፤ አባል ሀገር ሁሉ በሚጠቀመው ልክ ያዋጣል፣ በዚያው ልክ ድርሻ ይይዛል። ኢትዮጵያ የዚህ ማኅበር አባል ነበረች። ሱሉልታ ላይ ትልልቅ ሳህኖች ተተክለው ከውጭ ሀገር ጋር ስልክ ስናወራ የነበረው በኢንቴልሳት ሳተላይቶች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ማኅበሩ ከንብረቱ ላይ የተወሰኑ ሳተላይቶችን ቀንሶ ኒው ስካይስ የሚባል የግል ኩባንያ ሆላንድ ውስጥ አቋቋመ፤ አክሲዮኑም ለማኅበሩ ባለድርሻዎች ተከፋፈለ። ያን ጊዜ ከተሰጡት ሳተላይቶች አንዱ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ የነበረው ነው። ልብ በሉ! እ.ኤ.አ. በ2001 ኢንቴልሳት ራሱ ወደ ግል ኩባንያነት ተለወጠ። በ2004 ብላክስቶን የተባለው የአሜሪካ ባለገንዘብ ኒው ስካይስን ለአንድ ቢሊዮን ጥቂት ፈሪ በሆነ ዶላር ገዛው። በ2006 የሉክሰምበርጉ ኤስኢኤስ ተረከበው፤ በ2009 አሮጌውን ሳተላይት በአዲሱ በኤንኤስኤስ 12 ተካው። በ2012 ዓ.ም. እኛ ተከራየነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ኤስኢኤስ ዋናውን ኢንቴልሳትንም ጠቅልሎ ገዛ።

ታሪኩ ይኸው ነው። በጋራ ገዝተነው የነበረ በሬ፣ ከእጅ እጅ ሲሸጥ ከርሞ፣ ቆዳው ተወልውሎ፣ «ኢትዮ» የሚል ቃጭል አንገቱ ላይ ታስሮለት በኪራይ ተመለሰልን። እኛም እልል አልን።

ማንም ሰረቀ አላልኩም። ስም ማጥፋት ሥራዬ አይደለም። አክሲዮን ሲከፋፈል መዝገብ አለው፣ ሲሸጥም ፊርማ አለው። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ ይህ ሒሳብ በየትኛው ክፍል ውስጥ፣ በየትኛው አስተማሪ፣ ለየትኛው ተማሪ ተነቦ ያውቃል? የአንድ ድርሻ ዋጋ እንዴት ይተመናል፣ ማኅበር ኩባንያ ሲሆን ትንሹ ባለድርሻ ምን ይጠይቃል፣ የሰማይ ቦታ ያለው ኩባንያ ሲሸጥ የሚሸጠው ብረቱ ነው ወይስ ቦታው? ይህ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን የአንድ ትምህርት ክፍል እንጀራ ነበር።

ወደ ወንድሜ ልጅ ልመለስ። ልጁ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን አለፈ። (በእኛ ክልል በዚህ ዘመን ፈተና ማለፍ ምን ማለት እንደሆነ የክልሉ ሰው ያውቀዋል፤ የሞባይል ኢንተርኔቱ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለወራት ተቆርጦ ሳለ ያጠና ልጅ ነው።) ዩኒቨርሲቲ ገባ። የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ አልናገርም፤ አንዱን ለይቼ ብወቅስ ሌላው የተሻለ ይመስላል። የትምህርት ክፍል ምርጫ ሲመጣ ወደ አማካሪው ቢሮ ገብቶ፣ «የሳተላይት ንግድ መማር እፈልጋለሁ» አለ።

መልሱን እንዳለ ላስቀምጠው፦ «ሳተላይት ከፈለግህ ፊዚክስ ግባ፤ ንግድ ከፈለግህ አካውንቲንግ ግባ። ቀጣይ!»

አማካሪው ክፉ ሰው አይደለም። እውነቱን ነው የተናገረው። በዚህች ሀገር ሰማይ ያለው እንጦጦ ላይ ነው፣ ንግድ ያለው ሰንጋ ተራ ነው፤ ከእንጦጦ ሰንጋ ተራ ደግሞ የታክሲ መንገድ ቢሆንም እስከ ዛሬ አልተገናኙም።

እንጦጦን ላቃልል አልተነሣሁም፤ እንዲያውም ባርኔጣዬን አነሣለታለሁ። በ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ማኅበር ሲቋቋም ያልሳቀ ሰው አልነበረም። ረሃብተኛ ሀገር ከዋክብት ትቆጥራለች ተባለ። እነሱ ግን ተራራው ላይ ወጥተው፣ በአብዛኛው በሼክ መሐመድ አላሙዲ ገንዘብ፣ አንድ አንድ ሜትር ስፋት መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተከሉ። በ3 ሺሕ 200 ሜትር ከፍታ ላይ! በአስትሮኖሚ፣ በሪሞት ሴንሲንግ፣ በጂኦዴሲ ልጆች አስተማሩ፣ ዶክተሮች አፈሩ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ዋሸራ በተባለው ቤተ ሙከራው የሰማይን ጠባይ ያጠናል። ይህ ሁሉ ያኮራል። እኛ ሸዋዎች ደግሞ በሰማይ ብርሃን መደነቅ አዲሳችን አይደለም፤ ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከሰማይ ባዩት ብርሃን ነው። የታሪክ ሰዎች የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እንግዲህ ብርሃን አይተን ከተማ ከቆረቆርን ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖናል። መደነቁ ይበቃናል፤ አሁን ዋጋውን እንጠይቅ።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓርብ ማለዳ ታስታውሳላችሁ? ኢቲአርኤስኤስ 1 የተባለችው የመጀመሪያ ሳተላይታችን ከቻይናው ታይዩዋን ጣቢያ ስትመነጠቅ ሹማምንቱ እንጦጦ ተሰብስበው አጨበጨቡ። እኔም በቤቴ አጨበጨብኩ፤ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር፤ አልዋሽም። 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ ምድርን የምታነሣ ሳተላይት ነበረች። ወጪዋ ወደ 8 ሚሊዮን ዶላር እንደሆነና ከዚህ ውስጥ 6 ሚሊዮን ያህሉን ቻይና እንደሸፈነች ተነገረን። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ሁለተኛዋ ደግሞ ከቻይናው ዌንቻንግ ተከተለች። ጭብጨባ።

ከጭብጨባው በኋላ ግን አንድ የሒሳብ ሠራተኛ እጁን ቢያወጣ ኖሮ ምን ይጠይቅ ነበር? የመጀመሪያዋ ሳተላይት እንድታገለግል የታቀደችው ለሁለት ዓመት ነው፤ እንግዲህ የእርጅና ተቀናሿ በዓመት ስንት ነው? የምትሰጠው ምስል አንዱ ነጥብ መሬት ላይ 13 ሜትር ከ75 ይሸፍናል። የአውሮፓ ኅብረት ሴንቲነል 2 የተባለውን ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ2015 አምጥቆ፣ 10 ሜትር የሚሸፍን ምስል ለዓለም ሕዝብ በነፃ ያድላል፤ አሜሪካኖች የላንድሳትን መዝገብ ከ2008 ጀምሮ በነፃ ከፍተውታል። ታዲያ የእኛዋ ምስል ለማን፣ በስንት ሊሸጥ ታስቦ ነበር? ነፃ የሚገኘውን ነገር የትኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳያውቅ ገንዘብ አውጥቶ ይገዛል? ቻይና የሸፈነችው 6 ሚሊዮን ስጦታ ነው ወይስ የወደፊት ገበያዋን መሸመቻ?

አውቃለሁ፤ «የመጀመሪያዋ ሳተላይት ለትርፍ አይደለም፣ ለልጆቻችን መማሪያ ናት» የሚል መልስ አለ። ትክክለኛ መልስ ነው። ኢንጂነሮቻችን ቻይና ሄደው በንድፉ ሥራ ገብተው ተምረዋል። እኔም የምለው ይኸንኑ ነው፦ ኢንጂነሮቹ ተማሩባት፣ ነጋዴዎቹስ? የውል ጠበቆቹስ? ሒሳብ መርማሪዎቹስ? አንዲት ሳተላይት ተማሪ ቤት ከሆነች ሁሉም ክፍል ውስጥ ይግባ እንጂ፣ የፊዚክሱ ልጅ ብቻ ተቀምጦ የንግዱ ልጅ በመስኮት ያይ?

ኬንያን እንይ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ታይፋ 1 የምትባል ሳተላይት በአሜሪካው ስፔስኤክስ ሮኬት ከሌሎች መንገደኞች ጋር በጋራ አሳፍረው ሰደዱ። ወጪው 50 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ነው ተባለ፤ በዶላር ከ400 ሺሕ በታች። የእነሱ በእጅ የምትያዝ ሚጢጢ ናት፣ ከእኛዋ ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ በአንድ ዓይን ብቻ የሚጽፍ ጸሐፊ መባል አልፈልግም። ግን አካሄዱን ተመልከቱ፤ ሮኬት እንደ አውቶቡስ ወንበሩ ተቆርጦ እንደሚሸጥ አውቀዋል። ይህ እውቀት ከቴሌስኮፕ አይገኝም። የገበያ እውቀት ነው። ኬንያ ደግሞ ይህን የተማረችው በዱላ ነው፦ ጣልያኖች ከማሊንዲ አጠገብ ባሕር ላይ ባቆሙት መድረክ ከ1967 እስከ 1988 ሮኬት ሲያስወነጭፉ ቆይተዋል፤ የኪራዩና የጥቅሙ ነገር ሁለቱን ሀገሮች ዓመታት አከራክሯል። ጅቡቲ እንኳ፣ ጎረቤታችን ጅቡቲ፣ በ2023 ኦቦክ ላይ የ1 ቢሊዮን ዶላር የሮኬት ወደብ ለመሥራት ከሆንግ ኮንግ ኩባንያ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ፈረመች። ይሠራ አይሠራ ሌላ ነገር ነው። የባሕር ወደብ ኪራይ ስንከፍላት የኖርንላት ሀገር የሰማይ ወደብም ልታከራየን ማሰቧ ግን እንቅልፍ ሊነሣን ይገባል።

እኛስ ስናከራይ አልኖርንም እንዴ? ቃኘው ጣቢያን አስታውሱ። በ1945 ዓ.ም. በተፈረመ ውል አሜሪካኖች አሥመራ ላይ ለ25 ዓመት መሬት ያዙ፤ ኋላም የሶቭየቶችን የጠፈር መንኮራኩሮች ድምፅ የሚሰርቁ ግዙፍ ሳህኖች ተከሉበት። ቦታው በከፍታውና በምድር ወገብ ቅርበቱ ለዚያ ሥራ ወርቅ ነበር። ዋጋውን በጠመንጃና በወታደር ሥልጠና ተቀበልን። ከፍታችን ስንት እንደሚያወጣ የሚያውቅ ሰው ከእኛ ወገን ጠረጴዛው ላይ ነበረ ወይ? ያኔስ ዘመኑ ነው እንበል። ዛሬ?

«አቶ እገሌ፣ ገብሱ በውርጭ እየተመታ ስለ ሳተላይት ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ገበሬ መካከል ነው የምኖረው፤ ደግሞም የገብሱ ነገር ነው ወደ ሳተላይት የወሰደኝ። በትግራይ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በቦረና ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ገበሬና አርብቶ አደር የገቡበት የድርቅ ኢንሹራንስ አለ። ካሣ የሚከፈለው ሰው መጥቶ ማሳ አይቶ አይደለም፤ ሳተላይት የዝናቡን መጠን ወይም የሣሩን ልምላሜ ለክቶ ነው። ሳተላይቱ «ዘንቧል» ካለ፣ ያንተ ማሳ አመድ ቢሆንም ካሣ የለም። አሁን ይህ ነገር ነገ ሰላ ድንጋይ ቢመጣ (ይመጣልም፤ በልግ በከዳን ቁጥር ገበያው እየቀረበ ነው) የእኛ ገበሬ ደመኛ ድርቅ ብቻ አይደለም፤ ውርጭና በረዶ ነው። ዝናብ የሚቆጥር ሳተላይት ውርጭ አያይም! ታዲያ ውሉ ሲጻፍ «ይሄ መለኪያ ለደጋ አይሆንም፣ የሌሊቱን ቅዝቃዜ የሚያነብበውን መረጃ አምጡ፣ ዋጋውም ይሄ ነው» ብሎ የሚከራከር የሞጃና ወደራ ልጅ ከየት ይመጣል? የእኛ አካባቢ ሰው አንድ ክንድ ወሰን ለገፋበት ጎረቤት አሥር ዓመት የሚሟገት ነው። በሰማይ ወሰን ላይ ግን ጠበቃ የለውም።

ወሰን ስል ደግሞ ቀልዴን አይደለም። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሚባል አለ፤ የሰማይ መሬት አስተዳደር በሉት። ቦታና ሞገድ የሚመዘገበው እዚያ ነው። ያስመዘገበ ሀገር በሰባት ዓመት ውስጥ ሥራ ካላስጀመረበት መብቱ ይወድቃል። ለቴሌቪዥን ስርጭት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 በተደረገ ጉባኤ ለየሀገሩ ድርሻ ተደልድሏል፤ ሀብታም ቀድሞ እንዳይወርረው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ኬንያና ኡጋንዳን ጨምሮ ስምንት የምድር ወገብ ሀገሮች ቦጎታ ላይ ተሰብስበው «ከራሳችን በላይ ያለው ሰማይ የራሳችን ነው» ብለው ተነሥተው ነበር። አልተሳካላቸውም፤ ግን ቢያንስ ተሟገቱ። ሩዋንዳ በ2021 ከ327 ሺሕ በላይ ሳተላይቶች የሚሆን ማመልከቻ አስገባች። እብደት ነው ያለ አለ፤ እኔ ግን ፋይል መክፈት ያወቀ ሰው ኪጋሊ ውስጥ እንዳለ ነው የታየኝ። ስፔስኤክስ በስታርሊንኩ ሩዋንዳና ኬንያ የገባው በ2023 ነው። እንደዚህ ያለ ኩባንያ አዲስ አበባ መጥቶ ሲቀመጥ ከጠረጴዛው ማዶ የሚቀመጠው የእኛ ሰው ምን ተምሮ ነው የሚቀመጠው? ካድሬ ነው? የፊዚክስ ዶክተር ነው? ወይስ በመስመር ላይ ያለ የሾፌርና የፕሮቶኮል ጓድ?

አይቻልም እንዳትሉኝ። እኛው ራሳችን ችለን አሳይተናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም አውሮፕላኑም፣ አብራሪውም፣ ሥራ አስኪያጁም የአሜሪካኖቹ የቲደብሊውኤ ነበሩ። አባቶቻችን ግን ማብረር ብቻ እንማር አላሉም። ትኬት መሸጥን፣ ጭነት መተመንን፣ አውሮፕላን በዱቤ መግዛትን፣ መስመር መደራደርን ተማሩ፤ በ1963 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ወንበሩን ያዘ። አየር መንገዱ ዛሬ የቆመው በአብራሪ ብቻ ነው? አብራሪማ ሱዳንም ናይጄሪያም ነበራቸው። ያቆመው ቢሮ ውስጥ የተቀመጠው፣ ቁጥር የሚያነብበው ሰው ነው። ዝቅተኛውን ሰማይ እንዲህ የገዛን ሰዎች ከፍተኛውን ለምን እንፈራዋለን?

ዶክተር ቅጣው እጅጉንም አልረሳም። የቦንጋ ልጅ፣ የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተማሪ፣ አሜሪካ ሄዶ በናሳ የጠፈር ሥርዓት የነደፈ። ባዕድ ሀገር ሞተ። እንዲህ ያለውን ሰው ስሙን እየጠራን እንኮራበታለን፤ እንደሱ ያለው ሰው ኩባንያ ልክፈት ብሎ ሀገሩ ቢመጣ ግን በምን ሕግ ተመዝግቦ፣ ከየትኛው ባንክ በምን መያዣ ተበድሮ፣ በማን ተመርምሮ እንደሚሠራ መልስ የሚሰጥ መስኮት አልነበረም። ሳተላይት መያዣ ይሆናል ወይ? ባንከሮቻችንን ጠይቁ፤ «ካርታውን አምጣ» ይሏችኋል።

ሉክሰምበርግ እንዴት እንደጀመረች ታውቃላችሁ? ብረት ማቅለጫዎቿ ሲከስሩባት ሌላ እንጀራ ፈለገች። ኤስኢኤስ እ.ኤ.አ. በ1985 ተቋቋመ፤ በ1988 መጨረሻ የመጀመሪያ ሳተላይቱን ሰደደ። ሮኬት የላትም፣ ማስወንጨፊያ የላትም፤ ሳተላይቱንም አሜሪካ ሠራላት፣ ፈረንሳዮች ጫኑላት። እሷ ያላት ውል፣ ሕግና ሒሳብ ነው። በ2017 ከጠፈር አካላት ማዕድን ለሚያወጣ ኩባንያ ባለቤትነት የሚሰጥ ሕግ አወጣች፤ በ2019 ዩኒቨርሲቲዋ ኢንጂነሪንግን ከንግድ ጋር አጋብቶ የስፔስ ማስተርስ ማስተማር ጀመረ። ዓመቱን ልብ አላችሁት? 2019! እኛ እንጦጦ ላይ የምናጨበጭብበት፣ ዲሻችንን ወደ እነሱ ሳተላይት ለማዞር የምንሰናዳበት ዓመት ነው። እነሱ ልጆቻቸውን እንዴት እንደሚያከራዩን ሊያስተምሩ ክፍል ከፈቱ፤ እኛ ልጆቻችንን ጣራ ላይ አወጣን። በአሜሪካም አሪዞና ውስጥ ተንደርበርድ የሚባለው የንግድ ትምህርት ቤት የስፔስ አመራርና ንግድ ማስተርስ አለው፤ ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ያለው ዓለም አቀፍ የስፔስ ዩኒቨርሲቲም ይህንኑ ያስተምራል። ዓለም የስፔስ ኢኮኖሚ ብሎ የሚቆጥረው በ2023 ወደ 570 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል፤ ከአራቱ እጅ ሦስቱን የሚያክለው የንግድ ነው፣ የመንግሥት አይደለም። አብዛኛው ደግሞ ሮኬት አይደለም፤ ቴሌቪዥን፣ ኢንተርኔት፣ አቅጣጫ ጠቋሚ፣ ምስል ነው። የእኛው ዲሽ ነው በአጭሩ።

በ2014 ዓ.ም. የስፔስ ኢንስቲትዩቱንና የጂኦስፓሻሉን አዋሕደው አንድ መሥሪያ ቤት አደረጓቸው። ማኅተም ተቀየረ፣ ታፔላ ተቀየረ። እሺ ይሁን። እኔ ግን አዲስ ታፔላ አልጠይቅም፤ አዲስ ሕንፃም አልጠይቅም፤ የመሠረት ድንጋይ ተቀምጦ ሣር የበላውን ስንቱን አይተናል። የምጠይቀው ጥቂት ነገር ነው። ሰንጋ ተራ ያለው የንግድ ትምህርት ቤት የሰማይ ገበያን የሚያስተምር አንድ ኮርስ ይክፈት፤ የመጀመሪያው መማሪያ የ57 ዲግሪ ታሪክ ይሁን። የሕግ ትምህርት ቤቱ የሞገድና የምሕዋር ሕግን ያስተምር። እንጦጦ ለፊዚክስ ተማሪዎቹ አንድ መንፈቅ ሒሳብ መዝገብ ይጨምርላቸው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ስሙን ከሰማይ ብርሃን ካገኘ ከተማ የወረሰ ነውና፣ የውርጭና የበልግ ኢንሹራንስን ከሳተላይት መረጃ ጋር አስተሳስሮ ለአካባቢው ገበሬ የሚጠቅም ጥናት ይጀምር። አምስት ልጆች ደግሞ፣ የባለሥልጣን ዘመድ ያልሆኑ፣ ተወዳድረው ሉክሰምበርግ ሄደው ይማሩ። ገንዘብ የለም እንዳትሉኝ! ሹማምንቱ ከሚንፈላሰሱባቸው ላንድክሩዘሮች ጥቂቶቹ ቢሸጡ የእነዚህ ልጆች ትምህርት ይሸፈናል፤ ሒሳቡን እኔ በነፃ እሠራላችኋለሁ።

የወንድሜ ልጅ በመጨረሻ አካውንቲንግ ገባ። ፊዚክስ እንዳይገባ የመከርኩት እኔ ነኝ፤ ልክ እንደሆንኩ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ባለፈው ለእረፍት ሲመጣ ነፋስ ያጎነበሰባቸውን ዲሾች ሊያቃና ጣራ ለጣራ ዞረ። እኔም እንደ ልማዴ መሰላል ያዝኩ። እማማ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ ፀሐይ እየሞቁ፣ ገና ከሩቅ ሲያዩት ጮክ ብለው፣

«አንተ ልጅ! ዩኒቨርሲቲ ገባህ አይደል? የዚያን የሰማይ ኪራይ ማን እንደሚከፍል ጠየቅህልኝ?» አሉት።

ከጣራው ላይ ሆኖ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔም ወደ መሰላሉ ተመለከትኩ።